የጭስ ማውጫው ቀለም ሳይደርቅ ምን እንደሚነድ እንዲነገረኝ

ለአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ 12/09

ጉዳዩ፦ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያው ከጋዝ ወደ ምን ዓይነት ነዳጅ ሊዛወር እንደሆነ በግልጽ እንዲነገረኝ ስለመጠየቅ

1. እኔ አመልካች ከጣቢያው በር ፊት ለፊት ባለች አንዲት ክፍል ልብስ እየሰፋሁ የምተዳደር ነኝ። ሟች ባለቤቴ በድንጋይ ከሰሉ ዘመን የጣቢያውን ምድጃ ሲቀልቡ ኖረው በደረት ሕመም አርፈዋል።

2. ይህ ጣቢያ ነዳጅ በቀየረ ቁጥር የጭስ ማውጫውን ቀለም ይቀባል። ከከሰል ወደ ከባድ ናፍጣ ሲሻገር ቀባ፤ «ይሄ ይሻላል» ተባልን። የሰፋሁትን ቬሎ መስኮት አጠገብ ብሰቅለው ጥላሸት ጠጥቶ ሙሽራዪቱ ግራጫ ለብሳ ተዳረች፤ እስከ ዛሬ ሰላም አትለኝም። ወደ ጋዝ ሲዛወርም ቀባ፤ እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ እፎይ ብለናል። አሁን ደግሞ ቀቢዎቹ በገመድ ተንጠልጥለዋል፤ ስለ ነዳጁ ግን ትንፍሽ ያለ የለም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ደንግጫለሁ።

3. የሥራ አስኪያጁ መኖሪያ ግቢው ውስጥ፣ ከጭስ ማውጫው ሥር ነው። ባለፈው ሳምንት ፍራሹና የልጆቹ አልጋ ሳይቀር በጭነት መኪና ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም የጣቢያው ዘበኛ ነው፤ ብጠይቀው «እትዬ፣ አንቺ ደግሞ ነገር ትወጃለሽ! ቤቱ ሊታደስ ነው» አለኝ። ሲነግረኝ ግን ዓይኔን አላየም። ግንበኛም ሆነ አናጺ በዚያ በር ሲገባ አላየሁም። በናፍጣው ጊዜም የያኔው ሥራ አስኪያጅ ቤተሰብ እንዲሁ «ለእድሳት» ብሎ ወጥቶ፣ ጋዝ እስኪመጣ አልተመለሰም።

4. ልጄ ያለ ጊዜው የተወለደውን ሕፃኗን ይዛ እኔ ዘንድ አራስ ናት። ሐኪሙ «ሳንባው ገና ነው፤ ጭስ እንዳይነካው» ብሏል። ከእኔ ሌላ ያላት መጠጊያ ተቀያይማ የወጣችበት የባሏ ቤት ብቻ ነው። በከንቱ ልመልሳት አልፈልግም፤ ላቆያትም እፈራለሁ። ክቡር ኃላፊ፣ የሕፃኑን ትንፋሽ ጆሮዬን አስጠግቼ ነው የማዳምጠው።

5. ስለዚህ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብኝ፣ ምን እንደሚነድ ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። መልሱ «ንጹሕ ነው» የሚል ብቻ ከሆነ ግን፣ ሥራ አስኪያጁ ልጆቻቸውን መልሰው እዚያው ቤት ያስተኙ። የእርሳቸው ልጆች በተኙበት አየር የልጅ ልጄም ይተኛል፤ አቤቱታዬንም በዚያው ዕለት ራሴ መጥቼ አነሳለሁ።

መልስዎን ከመስኮቴ ሆኜ የምጠባበቅ፣
ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ከጣቢያው በር ፊት ለፊት ያለችው ልብስ ሰፊ