የሰሚራ ድስት

ሰኞ፣ ጥቅምት 1 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ቡታጅራ
በርበሬ እየቀነጠስኩ ነበር። ስልክ ተደወለ። የማላውቀው ወንድ ነው። የሰሚራ እናት ነዎት ወይ አለኝ። ነኝ አልኩ። አዲስ አበባ መንገድ ስታቋርጥ መኪና ገጭቷታል። ልጄ የለችም። በርበሬውን ቀንጥሼ ጨረስኩ። ለምን እንደጨረስኩ አላውቅም። ደብተሬ፣ ዛሬ ሌላ አልጽፍም።

ሐሙስ፣ ጥቅ. 4
ማክሰኞ እዚሁ ቀበርናት። ቤቱ በለቀስተኛ ሙሉ ነው። የባሌ እህት ከድጃ ጠጋ ብላ፣ ልጅሽ ሁለት ዓመት አዲስ አበባ ጃፓኗ ሴትዮ ቤት ወጥ ቤት ሆና ስትሠራ ምን ስትበላ ኖራ ይሆን አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ዱዓ ላደርግ ስል ምላሴ ይያዛል። ልጄ ሐራም ስትበላ ኖራ ሞታ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ደብተሬ፣ ይህን ላንተ ብቻ ነው የምናገረው።

ቅዳሜ፣ ጥቅ. 13
አንዲት ልጅ መጣች። ጥሩነሽ ትባላለች፣ የቡኢ ልጅ፣ ክርስቲያን፣ ማተብ አላት። እዚያው ጃፓኗ ቤት ልብስ አጣቢ ናት። ከሰሚራ ጋር አንድ ክፍል ይኖሩ ነበር። የሰሚራን ልብስና አንድ የኤሌክትሪክ ድስት አመጣች። ከባድ ነው፣ ውስጡ ሸክላ ይመስላል። ቀስ ብሎ፣ ግማሽ ቀን ፈጅቶ ያበስላል። ሰሚራ የጃፓን ዶሮ የምትሠራበት የራሷ ድስት ነው አለች። የራሷ? ማን ያምናል። ከድጃ አሳማ የተቀቀለበት ነው፣ ጣይው ትላለች። አልጣልኩትም። ቤትም አላስገባሁትም። በረንዳ ላይ ነው።

ሰኞ፣ ጥቅ. 15
ድስቱን በአመድና በሎሚ ሦስቴ አጠብኩት። አሸተትኩት። ምንም አይሸትም። ይሄም አጠራጠረኝ። ጥሩነሽ እስካሁን ቡኢ እናቷ ጋ ናት። ደወልኩላት። ነገ መጥተሽ ዶሮውን ልክ እንደሷ ሥሪልኝ አልኳት። የምትጨምረውን ሁሉ በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅ. 16፣ ጠዋት 3 ሰ.
ጥሩነሽ መጣች። ዶሮውን ጎረቤታችን ሸምሱ ቢስሚላህ ብሎ አረደልን። እሷ ስትሠራ በርበሬ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ቁሌት የለ። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ማር፣ ጥቂት ኮምጣጤ። ከዚያ ከጠርሙስ ጥቁር ውሃ። የአኩሪ አተር ነው አለች። አረቄ እንዳይሆን ብዬ መጀመሪያ አንቺ ቅመሺ አልኳት። በጣቷ ላሰች፣ ፊቷን አጨማደደች። ጨው ነው። ጃፓኖቹ የሩዝ መጠጥ ይጨምሩበታል፣ ሰሚራ ግን በሱ ፈንታ ኮምጣጤ ነበር የምታደርገው አለች። እኔን ለማስደሰት የተፈጠረ ወሬ መሰለኝ።

7 ሰ.
ክዳኑን አራቴ ከፈትኩ። "እማዬ፣ በከፈቱት ቁጥር ግማሽ ሰዓት ይጨምራል። ዶሮው እንደሆነ ታርዷል፣ የትም አይሄድም" ትለኛለች። አላሳቀኝም። ሰሚራ ጨው ታበዛ ነበር? አልኳት። አላውቅም አለች። ጣፋጭነቱስ? አላውቅም። ሁለት ዓመት አብረው ኖረው? ይቺ ልጅ የምትደብቀው ነገር አለ።

10 ሰ.
በሰለ። ሥጋው ከአጥንቱ በራሱ ይለቃል፣ ጠቁሮ ያብለጨልጫል። በሩዝ አድርጌ ለሷም አቀረብኩ። ሳህኑን ወደኔ ገፋችው። አፈረች። "ይቅርታ እማዬ፣ እኔ እኮ የእናንተን እርድ አልበላም። የሷንም ቀምሼ አላውቅም።" ሰሚራ ዶሮዋን ይዛ ጎረቤት ያለ ሙስሊም ዘበኛ ዘንድ ሄዳ ታሳርድ ነበር አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ እሷ ዶሮዋን፣ ይቺ ሽሮዋን፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ። "ሽታው ለክርስቲያን አልተከለከለም፣ ተጠግተሽ አሽቺ እያለች ትቀልድብኝ ነበር" አለችና አለቀሰች።

ይህን ያለችው ልታጽናናኝ ብላ አይደለም። ስለ ልጄ ሃይማኖት አንድም ቀን አልጠየቅኳትም። ሳህን ለመመለስ ስትል ነው ያወጣችው። ስለዚህ አመንኳት። ዶሮውን በላሁ። ማሩ በዝቶብኛል። ለሷ ሽሮ ሠራሁላት።

ሐሙስ፣ ጥቅ. 18
ድስቱን ቤት አስገባሁት። ከድጃ ፊቷን አዞረች። ታዙር። ለአርባዋ ሰደቃ ዶሮውን በሱ እሠራለሁ፣ ለጥሩነሽ ሽሮ ለብቻ። ዛሬ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ዱዓ አደረግኩ፣ ምላሴ አልተያዘም። ግን የኔ ዱዓ ብቻ አይበቃትም፣ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ከኔ በኋላ ይህን ደብተር የምታነቡ፣ የማንንም እርድ ብትበሉ፣ ሰሚራ ብላችሁ በስሟ ጥሩልኝና በምታውቁት ጸሎት ለምኑላት።