ባዶ ወረቀት የሚተፋው ማባዣ

ሰኔ 6
ሰባት ደብዳቤ በታይፕ መታሁ፣ እያንዳንዱ በሦስት ካርቦን። አለቃዬ አቶ ዳኛው የመጨረሻውን ቅጂ አዩና፣ «እናኑ፣ ይህ የደብዳቤ ጥላ ነው» አሉኝ። ካርቦኑን ይቆጡት… እኔ ምን ላድርግ?

ሰኔ 9
ከአዲስ አበባ ማባዣ ማሽን መጣ። አራት ሰው ተሸክሞ አስገባው። ሆዱ ከአቶ ዳኛው ይብሳል። አብሮት የመጣው መካኒክ አዘዘ፣ «ይህ ካለ ታይፒስት ምን ያደርጋል?» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ስድስት ዓመት የተቀመጥሁበት ወንበር ነው!

ሰኔ 10
ጠላትን ማወቅ ይሻላል ብዬ እንዴት እንደሚሠራ አዘዘን ጠየቅሁት። ማበጠሪያዬን ነጥቆ ፀጉሬን ፈተገበትና ወደ ብጥስጣሽ ወረቀት አስጠጋው። ወረቀቱ ዘሎ ተለጠፈ! «ይኸው ነው» አለ። ውስጡ እንደ ከበሮ ክብ የሆነ ነገር አለ፤ በጨለማ ልክ እንደ ማበጠሪያው ኤሌክትሪክ ይሞላል። ደብዳቤው ላይ መብራት ሲበራ ከነጩ የተመለሰው ብርሃን ከበሮው ላይ ያረፈበትን ቦታ ኤሌክትሪክ ያጠፋል። ጥቁሩ ፊደል ብርሃን ስለማይመልስ በሱ ቦታ ያለው ኤሌክትሪክ ይቀራል። ጥቁር ዱቄት ሲነሰነስ እዚያ ብቻ ይጣበቃል። ከዚያ ወረቀት ላይ ተገልብጦ በሙቀት ይጋገራል። ጠብታ ቀለም የለም! ግሩም ነው… ይበልጥ ተናደድሁ።

ሰኔ 13
አዘዘ ሄደ። አቶ ዳኛው፣ «አዲስ ዕቃ ሳይባረክ አይነካም» ብለው አባ ቢያዝንን አስጠሩ። አባ ጠበሉን በባልዲ ይዘው መጡ። ማሽኑን ረጩ፣ ወረቀቱን ረጩ፣ እኔንም ረጩኝ። ማሽኑ አጉረመረመና… ባዶ ወረቀት ተፋ። ሌላ። ባዶ!
«ምነው? ያለበት ክፉ ነው፤ ይጨመር!» አሉ አባ። ተጨመረ። ባሰበት።
መዝገብ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ ሳቅሁ። እሰይ!

ሰኔ 14
ነገ ለሃምሳ አጥቢያ ዳኞች ጥሪ መውጣት አለበት። «ማሽኑ እምቢ ካለ አንቺ ሁሉንም በታይፕ ትመቻለሽ» አሉኝ አቶ ዳኛው። ሃምሳ!
ቤት ስገባ ዝናብ አበስብሶኛል። እርጥብ ፀጉሬን ሳበጥር የአዘዘ ነገር ትዝ አለኝና ማበጠሪያውን ወደ ወረቀት አስጠጋሁ። ንቅንቅ አላለም። ለካ ማሽኑ ክፉ የለበትም… ረጥቧል! ዝም ብል ወንበሬ ይተርፋል። ጣቶቼስ?

ሰኔ 15
ተናገርሁ። «ማሽኑ የጠላው ጠበሉን አይደለም፣ ውሃውን ነው» ብል አባ ቢያዝን አፈጠጡብኝ። «ጠበል ውሃ ነው እንዴ?» ጨርቅ አነሣሁ።
ማሽኑን ወለወልን፣ ከሰል አንድደን ክፍሉን አሞቅን፣ ወረቀቱን እንደ ብቅል አሰጣን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሃምሳውም ጥርት ብሎ ወጣ። የማሽኑ ኃላፊ ሆንሁ!

ሐምሌ 20
ወንበሬ አለ፤ የሚቀመጥበት ጠፋ እንጂ። ቅጂ ቀላል መሆኑን ያየ ሁሉ ቅጂ አማረው። ድሮ ለሦስት ሰው ይጻፍ የነበረው ደብዳቤ ዛሬ ለአርባ ካልሆነ ያልደረሰው ይቀየማል። የደረሰውም መልስ ይጠብቃል። መልሱን የምመታው እኔ፣ የማባዛው እኔ። ሥራዬን ይወስድብኛል ብዬ ነበር…
ምነው በወሰደልኝ!