ጭጭ ያለው የአባዬ አምፕሊፋየር

ጃንዋሪ 7

ጠዋት በየዓመቱ በዚህ ቀን የሚበላውን የሰባት ቅጠል የሩዝ ገንፎ በላን። እማዬ ጨው ረስታለች። አባዬ ምንም ሳይል ጨረሰው... ይኼ ነው የሚያስፈራኝ። ድሮ ቢሆን በጨው ምክንያት ቤቱ ይበጠበጥ ነበር።

ከሰዓት ጊታሩን አነሣ። ስትሮክ ግራ እጁን መትቶት ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ገና መጀመሪያው። የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላውን አምፕሊፋየርም አበራ፤ ያን በመስታወት አምፖሎች የሚሠራውን አሮጌ፣ በወጣትነቱ የኦሳካን ጭፈራ ቤቶች አብሮት የዞረውን። አምፖሎቹ ቀስ ብለው ቀሉ። ድምፅ የለም።

ግራ እጁን አየ። «እሱም እንደኔ ተመትቷል። በቃ፣ ይጣል።»

ጃንዋሪ 9

እማዬ ትልልቅ ዕቃ ሲጣል የሚለጠፍበትን የቆሻሻ ተለጣፊ ገዝታ መጣች። አባዬ አዟት ነው። የቆሻሻ መኪናው በ30 ይመጣል።

«ምን ላድርግ ናትሱኮ? እምቢ ብለው ራሱ ሊጎትተው ነው» አለችኝ።

የእጁንም ልምምድ ትቷል። አኩሪ አተር በግራ እጁ አንድ በአንድ መልቀም ነው። «እኔ ዶሮ ነኝ?» ይላል። ሐኪሟ ግን ተናግራለች፤ እስከ ኤፕሪል ካልሠራበት እጁ እንዲሁ ይቀራል።

ጃንዋሪ 12

እኔው ልጠግነው ልሞክር። የባንክ ሠራተኛ ስለ አምፕሊፋየር ምን ታውቃለች? ምንም።

የኤሌክትሪክ ዕቃ ሰፈር ኒፖንባሺ ያለ አንድ ጠጋኝ ጋ ደወልኩ። «እህቴ፣ ውስጡን እንዳትነኪ! ተነቅሎም ኤሌክትሪክ ይይዛል። ከቀላሉ ጀምሪ።» ገመዱን ቀየርኩ። ከጎረቤት ሌላ ጊታር ተዋስኩ...

ጃንዋሪ 15

ጭጭ።

ጃንዋሪ 19

ጠጋኙ ስፒከሩን በባትሪ ድንጋይ ሞክሪው ብሎኝ ነበር። አባዬና እማዬ ለምርመራ ሲወጡ ከጀርባ የስፒከሩን ገመድ መሰኪያ፣ ጃኩን፣ ነቅዬ ድንጋዩን አስነካሁት። ጧ! አለ። አልሞተም!

ጃኩን ልመልስ ስል... ሁለት ቀዳዳ። ከየትኛው ነበር የነቀልኩት? የአንዱ አፍ ብዙ ዓመት ተፍቆ ነጥቷል፤ ሌላው እንደ አዲስ ነው። የተፋቀው ላይ ሰክቼ አበራሁና የጊታሩን ክር ነካሁ።

ቤቱ ጮኸ። እኔም ጮኽኩ።

ጠጋኙን ጠየቅኩት። ሁለተኛው ቀዳዳ ለተጨማሪ ስፒከር ነው፤ የመጀመሪያው ባዶ ከሆነ ድምፅ አይሰጥም። ታዲያ ማን ቀየረው?... እማዬ! አባዬ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የዓመት መጨረሻውን ጽዳት ብቻዋን ነው የሠራችው። የዕቃ ጀርባ ሳትወለውል አዲስ ዓመት የማይገባላት ሴት! ነቅላ፣ ወልውላ፣ ደስ ያላት ቀዳዳ ውስጥ መለሰችው።

ስቄ ስቄ ሲወጣልኝ አጠፋሁትና ጃኩን መልሼ የተሳሳተው ቀዳዳ ላይ ሰካሁ። አብጃለሁ? አይ... ጠግኜ ባስረክበው «ጎበዝ» ብሎኝ ተመልሶ ይተኛል። አውቀዋለሁ። ራሱ ያግኘው።

የበሩን ድምፅ ስሰማ ካቻቢቴ አንስቼ ጀርባውን መፍታት ጀመርኩ።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለ አባዬ።

«ልበታትነው ነዋ። ያው የሚጣል አይደል?»

«የሩዝ ማብሰያ መሰለሽ? ዞር በይ ወዲያ!»

ተንበረከከ። እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ፤ አምፖሎቹ አጠገብ ዳበሰ፤ ከዚያ የስፒከሩን ገመድ ተከተለ።

«ፉሳኤ! አንቺ ሴትዮ! ምኑን ነካካሽው?»

«አቧራ ነው የጠረግኩት!» አለች እማዬ ከማድ ቤት።

«አቧራ!» አለና ሳቀ። ከታመመ የመጀመሪያ ሳቁ። ጃኩን ቀየረ። በግራ እጁ፣ በሁለት ጣት ብቻ፣ የሆነ ዜማ ጀመረ... ተበላሸ። እንደገና ጀመረ። ማድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እማዬም እዚያው ነበረች።

ጃንዋሪ 30

የቆሻሻ መኪናው መጥቶ ሄደ። ተለጣፊው የት እንደሄደ ስንፈልግ... አባዬ የእማዬ መጥረጊያ ማሽን ላይ ለጥፎታል። ቀኑን ሙሉ ተኮራርፈው ዋሉ። ሳቃቸውን ግን መያዝ አልቻሉም።

ፌብሩዋሪ 3

ክፉ መንፈስ ለማባረር አኩሪ አተር የሚወረወርበት ቀን። «ክፉ ውጣ! በጎ ግባ!» አባዬ በግራ እጁ ወረወረ፤ እግሩ ሥር ወደቀ። የወደቀውን ማንም ሳያዘው አንድ በአንድ ለቀመ። እኔና እማዬ ያላየን መሰልን።

ማታ ጊታሩን ሲቃኝ ሻይ ወሰድኩለት። ዛሬ ሦስተኛው ጣትም ይሞካክራል።

«ናትሱኮ።»

«አቤት አባዬ።»

«ያን ቀን ከምርመራ ስመለስ... አምፖሎቹ ትኩስ ነበሩ።»

ሻዩን አጠገቡ አስቀመጥኩ።

«ትወና አይሆንልሽም» አለና ቮሊዩሙን ጨመረው።