የጂሎን ቪዲዮ ያለሰለስኩበት ሳምንት

ሰኞ፣ ሚያዝያ 7
ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ። ቪዲዮ በማቀናብርበት ስቱዲዮዬ ውስጥ እኔ፣ ከሊበን ገጠር በጭነት መኪና የመጣችው ሎኮ፣ ጀርባዋ ላይ ዓመት ያልሞላው ልጇ ጂሎ።

ልጁን አንዳች ነገር ይጥለዋል። ክሊኒክ ሲደርስ ግን ደህና ነው። «እዚያማ ይጫወታል፤ እኔን ውሸታም ሊያደርገኝ» አለች። ነርሷ፣ ሲጥለው በስልክ ቅረጺው፣ ሐዋሳ ላለው የሕፃናት ሐኪም ይላካል ብላታለች። ቀረጸች። ግን ቤቱ ጨለማ፣ ስልኩ አሮጌ፤ ቪዲዮው እየተቆራረጠ ይዘላል። ነርሷ ምንም አልገባትም።

«አዴ ማርታ» አለችኝ፣ እናቴ እንደ ማለት ነው፤ «ሠርግ የሚያሳምሩት አንቱ ነዎት አሉ። ይሄንንም ያሳምሩልኝ።»

እሺ አልኩ። ከየኢንተርኔቱ ቃርሜ የተማርኩት ሥራ ነው። ይህን ግን አውቀዋለሁ።

ማክሰኞ
የሎኮ ቪዲዮ በሰከንድ ስምንት ፍሬም፣ ስምንት ሥዕል ብቻ! የኮምፒውተሬ ማለስለሻ ፕሮግራም በሁለት ፍሬም መሀል አዲስ ሥዕል እየሠራ ይሞላል። መጀመሪያ የጂሎ እጅ እንደ ሰም ቀለጠ። ሴቲንጉን ቀያየርኩ። ሐኪሙ ረጋ ብሎ እንዲያይ ብዬ ፍጥነቱንም በግማሽ ቀነስኩ። ከሰዓት በኋላ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ደስ አለኝ። ነርሷ በሰጠችን የሐኪሙ ቁጥር ላክሁ።

ረቡዕ
ደመና። ሐኪሙ መለሰ፦ እንቅልፍ የመጣበት ልጅ ይመስላል፣ ብዙ አያሳስብም።

ለሎኮ ቪዲዮውን አሳየኋት።
«ይሄ ማነው?»
«ጂሎ ነዋ።»
«አይደለም። የኔ ልጅ ይወድቃል። ይሄ እኮ እንደ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ፣ ናጋ እያለ ሰላምታ ይሰጣል።»

መሳቅ አማረኝ፤ ከዚያ ደነገጥኩ። ዋናውን ከፈትኩ። በአንዱ ፍሬም ራሱ ቀና ብሏል፤ በሚቀጥለው አገጩ ደረቱ ላይ ነው፣ እጆቹ ተወርውረዋል። ያንን ዝግ ያለ ማጎንበስ ልጁ አላደረገውም። እኔና ፕሮግራሙ ነን ያደረግነው። የሙሽራ ቪዲዮ ቢሆን ማንም አይጎዳም ነበር።

ዋናውን ልልክ ስል ኔትወርክ ጠፋ። ሎኮ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። እኔ ጋ አደሩ።

ሐሙስ
ኔትወርክ የለም። በባጃጅ እስከ ኮረብታው ድረስ ወጣሁ፤ እዚያም የለም።

ጂሎን እጄ ላይ እያለ ጣለው። እንደ ጅራፍ ድንገት ነው፤ ይተወዋል፣ ደግሞ ይመለሳል። «አዩት?» አለች ሎኮ። አየሁት። እኔ ጸለይኩ፣ እሷም በራሷ እምነት ጸለየች።

አመሻሽ ላይ ኔትወርክ ብቅ አለ። ያልተነካውን ላክሁ፤ ጽሑፍም ጨመርኩ፦ «ዶክተር፣ የመጀመሪያውን ይተዉት። ያለሰለስኩት እኔ ነኝ። ልጁ እንደዚህ ነው።»

ዓርብ
ሐኪሙ ራሱ ደወለ። ሎኮ እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረግሁ።
«ያ ያለሰለሱት ድንገተኛ መዝለል እኮ የምፈልገው ነገር ነበር፣ እትዬ» አለኝ። ተቆጥቶ አይደለም። የሚጥል በሽታ ዓይነት ይመስላል፣ መመርመር አለበት፣ ነገ ይዛው ትምጣ፣ መድኃኒት አለው።
«አለው?» አለች ሎኮ።
«አለው።»
«እውነት አለው?»
«አለው እኮ፣ እናቴ!»
ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። እኔ አለቀስኩ።

ቅዳሜ
ዝናቡ አባርቷል። ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ፣ ሻይ አፈላሁ፣ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ቦሬ ላይ ብርድ ስለሆነ ወፍራሙን ሹራቤን ለሎኮ አለበስኳት፣ መነኻሪያ ወሰድኳቸው። ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮት ጮኸች፦
«አዴ! መራመድ ሲጀምር እቀርጸዋለሁ! እንዳይነኩት!»

አልነካም አልኳት። ሐኪሞቹ የልጁን ሕመም መርምረው ምን እንደሚሉት ገና አላውቅም። ስቱዲዮውን ሳልከፍት ቤት ገብቼ ተኛሁ።