ስለ መምህር ንጋቱ የተጻፉ ዘጠኝ ወረቀቶች

ግንቦት 4 ቀን 1967፣ ጧት 3 ሰ.

ምስር ለቅሜ ጨረስሁ። ግማሹ ጠጠር። ጥርሳቸው ቢሰበር እኔን እንዳይሉኝ፤ አንቺ ምስክሬ ነሽ፣ ደብተሬ። ዘማቾቹ አሥራ አራት ናቸው፤ ሲበሉ ሠላሳ። ከዩኒቨርሲቲ መጥተው መካነ ሰላም (መ/ሰላም) ት/ቤት ከሰፈሩ አራት ወር አለፋቸው። ገበሬውን ሊያነቁ ነው አሉ። ገበሬው እነሱ ሳይነሱ እርሻው ላይ ነው።

ሰናይት አሁን ወጣች። የዘማቾቹ ሰብሳቢ ናት፤ የአ.አ. ልጅ፣ ቀጭን፣ ቁጡ። ዘጠኝ ወረቀት በክር አስራ ሰጠችኝ። ከግቢው ሁሉ የሚቆለፍ በር ያለው የኔ ወጥ ቤት ብቻ ነው። ማንም እንዳያይብኝ አለች። እኔን ከሰው አልቆጠረችኝም።

ማንበብ የማልችል ይመስላታል። ከሰዓት በኋላ ከእናቶች ጋር አስቀምጣ ታስተምረኛለች። ሀ ስትል ሀ እላለሁ። ከሁሉ ፈጣን እማማ ዝማም ናቸው ብላ አስጨበጨበችልኝ። ፊደል የቆጠርሁት በሃምሳ ዓመቴ ነው። ያስቆጠረችኝ ልጄ ደብሬ ናት፣ አምስተኛ ክፍል ሳለች። አንቺም የሷ ነበርሽ፤ የፊት ገጾችሽ የሷ ሒሳብ ናቸው። ለሰናይት አልነግራትም። የደብሬን ስም በነሱ አፍ መስማት አልፈልግም።

ግንቦት 4፣ 10 ሰ.

ፈታኋቸው። አነበብኋቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መ/ር ንጋቱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የባህል ጂኦግራፊ የሚባል ያስተምር ነበር። ሰው የት እንደሚሰፍር፣ ቤቱን በምን እንደሚሠራ፣ ምን ዘርቶ ምን እንደሚበላ። እሱን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት ያስፈልጋል መሰለኝ። አሁን የዘማቾቹ ኃላፊ ሆኖ አብሯቸው መጥቷል። ከአሥራ አራቱ ዘጠኙ ያንን ትምህርት የተማሩ ናቸው። ስለ ትምህርቱና ስለ መምህሩ አስተያየት ጻፉ ተብለው ጻፉ። ወረቀቱ እሱን ለመክሰስ ደሴ ይላካል። እዚያ የተወሰደ ሰው ምን እንደሚሆን የሚናገር የለም፤ ተመልሶ ያየሁትም የለም።

ተማሪ ስለ አስተማሪው እንዲህ እንደሚጽፍ አላውቅም ነበር። አንዱ ድምፁ ያስተኛል ይላል፤ ከምሳ በኋላ ባይሆን መልካም ነበር። አንዷ የቤቱን በር አቅጣጫ አልመዘገብሽም ብሎ ውጤቴን ዝቅ አደረገው ብላ እስከ ዛሬ ተቀይማለች። አንዱ ከማሻ እስከ ከላላ በእግር ነድቶን ጫማዬ አለቀ፣ አገሬን ያወቅሁት ግን ያኔ ነው ይላል። ሌላው፦ ከመጠየቅ በፊት ሰላም ማለትን ያስተማረኝ እሱ ነው። ሌላው፦ በሠራነው ካርታ ላይ ቤት አለ፣ በሬ አለ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ሰው የለም። ይህኛውን ሁለት ጊዜ አነበብሁት።

ስም አልጻፉም። የሰናይትን በእጅ ጽሑፏ አወቅሁ፤ በየቀኑ ሰሌዳ ላይ አየዋለሁ። እንዲህ ትላለች፦ በ65 ወሎ ሲራብ መሀሉን ሰንጥቀን አለፍን። መምህሩ ጎታ አስለካን። ረሀብ የሚል ቃል አላስጻፈንም። ጥናቱ ደጋው እህል አለው ብሎ ተዘጋ። ይህ ስህተት አይደለም፣ ወንጀል ነው።

የመጨረሻው የከድር ነው፤ በምግብ ወሬው አወቅሁት። የኩታበር ልጅ፣ ወጥ ቤት እየገባ ከድስት የሚቀምስ። ከዚያ ትምህርት የቀረኝ አንድ ነገር ነው ይላል። ከመ/ሰላም በላይ አንዲት እናት የገብስ ቆሎ ሰጡን፣ እስክንጠግብ። ቸርነትን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ያቺ እናት እኔ ነኝ።

መልሼ አሰርኋቸው። ሽሮው አረረ።

ግንቦት 6

ከዚያ ወዲህ ሌላ ማሰብ አቃተኝ። ልጻፈው።

ጥር 65። ዝናቡ ቀድሞ ሄዷል፤ የተረፈውን ገብስ ውርጭ ጨርሶታል። ጎታው ባዶ። ረሀብ የቆላ ነው እንል ነበር እኛ። በደሴ መንገድ ዳር ስለተኙት ሲወራ ከንፈር መጠጥን፣ የራሳችንን ጎታ ጀርባ ሰጥተን። ከዩኒቨርሲቲ እንግዳ ይመጣል፣ ቤት ለቤት ጎታ ያያል ሲባል ሴቱ ሁሉ ጭቃ አቦካ። ፋጡማ ጎረቤቴ የጎታዋን አፍ በጭቃና በእበት መረገች። እኔም መረግሁ። አዲስ እህል ሲገባ እንደሚደረገው። እንግዳን በባዶ ቤት ግባ ማለት አይሆንልንም። አይሆንልንም፣ በቃ።

መ/ር ንጋቱ ገባ። ስድስት ተማሪ ከኋላው። ለኩ። ሙሉ ነው ወይ አለኝ። ሙሉ ነው አልሁ። ተመስገን የሚለውንም ጨመርሁበት። ያ አልበቃኝም፤ ለዘር ከአልጋ ስር የደበቅኋትን አንድ ቁና ገብስ አውጥቼ ቆላሁ። ደብሬ ምሰሶውን ተደግፋ አየችኝ። እነሱ ሲወጡ ተንበርክካ ወለሉ ላይ የተንጠባጠበውን ለቀመች።

በሐምሌ ሞተች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር።

ሁለት ዓመት እሱን ስጠላ ኖርሁ። መጣ፣ ለካ፣ ሄደ። ሌላ ሰው መጥላት ደግ ነገር ነው፤ ጧት ያስነሳል።

ግንቦት 8

በግቢው ውስጥ ስብሰባ አደረጉ። እኔን ጠሩኝ፣ ጭልፋ እንደያዝሁ። ሰናይት የአገሩ እናት ይመስክሩልን አለች። ወረቀቱን ራሷ ጽፋዋለች፤ ከኔ የሚፈለገው የጣት አሻራ ነው። አነበበችልኝ፦ ቤታችን ባዶ ነበር፣ አይቶ አለፈ። ያኔ ቤቴ ከገቡት አንዷ እሷ ናት። አላወቀችኝም። ከስቻለሁ፤ ጥቁር ለብሻለሁ።

ከድር ተነሳ። ሙሉ ነው ተብሎ እኮ ነው የተነገረን አለ። ሰናይት፣ አንተ ቆሎ ያቀመሰህን ሁሉ ታወድሳለህ አለችው። ሳቁ። እሱም አልቀረም፦ «ወላሂ አንቺም በልተሻል። ኪስሽንም ሞልተሽ ነበር፣ እስከ ከላላ ስትቆረጥሚ ነው የሄድሽው።» ባሰባቸው፣ ሳቁ። እሷም ፈገግ አለች። ምድር አልዋጠችኝም።

እጄ ቅባት ነው፣ ነገ አልሁና ወጣሁ።

ግንቦት 9

ፋጡማ ገበያ ወርዳ ወደኔ ብቅ አለች። ሁለት ልጅ ነው የቀበረች፣ በዚያው ክረምት። የሰናይትን ወረቀት ነገርኋት፤ የጎታውን እውነት ልናገር ነው አልሁ። ጨው የቋጠረችበትን መሬት አስቀመጠች። «አብሽሪ ዝማም። አሻራሽን ስጪና ይሂድ» አለችኝ። እሱ ካልተያዘ እኛ ነን የምንያዝ አለች። ማን ይይዘናል ብላት፣ የሰው አፍ አለች። ከእንግዳ ደብቀው ልጆቻቸውን ቀበሩ እንዲሉን ነው የምትፈልጊ? እኔ ይህን አልሸከምም።

ሳትሰናበተኝ ሄደች። ሃያ ዓመት አብረን ውኃ ቀድተናል።

ግንቦት 10፣ 5 ሰ.

መ/ር ንጋቱን ቢሮውን ቀምተውታል። ሁለተኛ ክፍል ውስጥ የልጆች አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፣ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደርሶ። በሩ ላይ አንድ ዘማች ቆሟል። ውኃ ይዤ ገባሁ።

እኔ ነኝ ልለው ነበር። ጎታው ባዶ ነበር፣ አንተን አታለልሁህ፣ ለነሱ እነግርልሃለሁ። ስለ ደብሬም፣ ካስቻለኝ። ልቤን አጠናክሬ ነበር የገባሁት።

አውቀዎታለሁ አለ፣ ሳልናገር። ከመጡበት ቀን ጀምሮ አውቆኛል። ቀጥሎ ያለውን እንዳለ እጽፈዋለሁ። ተማሪዎቹ ሲለኩ ጎታውን በጣቱ አንኳኳው። የገበሬ ልጅ ነው፤ ባዶ ጎታ እንዴት እንደሚጮህ ያውቃል። ጮኸ። ሰማ። ሙሉ ነው ስለው ሙሉ ብሎ ጻፈ።

ለምን አልሁት። በቤትዎ ቆሜ ውሸታም ልበልዎት? አለ። ደግሞ፣ ያ ጨዋነት ነበር ብዬ ራሴን ደለልሁ፣ ፍራቻም ነበረበት አለ። በዚያን ጊዜ ደጋው ተርቧል ብሎ መጻፍ እንጀራ ያሳጣል። በሃያ ሦስት ቤት አንኳኳሁ። ሃያ ሦስቱም ጮኹ አለኝ።

ውኃውን አልጠጣም። ብርጭቆውን ይዤ ተመለስሁ።

ግንቦት 10፣ 9 ሰ.

ይወሰድ። አሻራ አይደለም ክንዴን እሰጣለሁ።

ጥር ነበር። ከጥር እስከ ሐምሌ ስንት ቀን ነው። አንድ መስመር ቢጽፍ። አንድ መስመር።

ግንቦት 11

እኔስ። እኔም አንድ ቃል ነበር የምለው። ባዶ ነው። ሁለት ቃል። ሜትር አልያዝሁም፣ እንጀራ የሚያሳጣኝ አልነበረም፤ አልነበረኝምና። ያቺ ቁና ገብስ በእፍኝ በእፍኝ ስንት ቀን ታቆያት ነበር? አሥራ አምስት? ለዩኒቨርሲቲ ልጆች ቆላኋት። ለአንዷ ኪስ።

ድስት ሳጥብ ዋልሁ። የታጠበውን ደግሜ።

ግንቦት 12

ጻፍሁት። ከነሱ ወረቀት አንዱን ባዶውን ወስጄ። ከላይ የመምህሩ ስም ይላል፣ ከስሩ አስተያየት። ሃያ ሦስት ቤት ብዬ አልጻፍሁም፣ ሌላ ሴት አልጠራሁም። የኔን ቤት ብቻ። ባዶ ነበር፣ እኔ መረግሁት፣ ሙሉ ነው አልሁ። እሱ አንኳኳ፣ አወቀ፣ ዝም አለ። ልጄ ሞተች። ይሄው ነው።

ለሰናይት ሰጠኋት። መጀመሪያ ማን ጻፈልዎ አለች። እኔ አልሁ። አላመነችም። እርሳስ ሰጥታኝ ፊቷ ስሟን ጻፍሁላት። ለአራት ወር ሀ ሁ ስታስቆጥረኝ የኖረች ልጅ ቀልታ ቆመች። ከዚያ አነበበች። ቆሎው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ፤ አሁን አወቀችኝ። አለቀሰች። ልጅ ናት፣ ሃያ ሁለት ቢሆናት ነው። ትንሽ ወደድኋት፣ አልደብቅሽም።

ዕንባዋን ጠርጋ ግን ምን ብትለኝ ጥሩ ነው። እማማ፣ የወረቀቱን ሁለተኛ ክፍል እንጠቀምበታለን፣ የመጀመሪያውን እንተወዋለን። አውቆ ዝም ማለቱ ይበቃል። እርስዎ ጭቁን ነዎት፣ ጥፋተኛ አይደሉም።

እኔ ነኝ የመረግሁት አልኋት።

ሥርዓቱ ነው የመረገው አለች።

እጄን አሳየኋት። አልገባትም። ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ዛሬ ማታ ትገለብጠዋለች፣ አጥርታ፣ አሳጥራ።

ግንቦት 13

ከድር ወጥ ቤት መጣ። ሰናይት ነግራዋለች። ድስት አልከፈተም። አንቱ ነበሩ እንዴ ብሎ ደፉ ላይ ተቀመጠ። ያስተማረኝን ሁሉ ረስቼ ያችን ቆሎ ነበር የያዝሁ፣ አሁን ምን ልያዝ አለኝ። አልጣመህም ነበር ወይ አልሁት። ጥሞኛል አለ። እንግዲያ ጥሞሃል አልሁ። ሄደ። ምሳ አልበላም።

የተገለበጠው ወረቀት ለሁሉም ተነበበ። አምስት መስመር ናት። የአገሬው እናት እንደመሰከሩት ይላል። ባዶ ጎታ አለ፣ ጣት አለ፣ ዝምታ አለ። እኔ የለሁበትም። አጨበጨቡ። ድምፁ ያስተኛል ያለው ልጅ፣ ማን እንደሆነ ባላውቅም፣ ሳይቀር። የኔን የእጅ ጽሑፍ ጠየቅኋት፤ አያስፈልግም፣ ቀድጄዋለሁ አለች፣ ለርስዎ ብዬ ነው። እውነቷን ነው። ለኔ ብላ ነው። ለኔ ብለው የሚያደርጉት አያልቅም።

ነገ ጧት ከደሴ መኪና ይመጣል።

መ/ር ንጋቱን በመስኮት አየሁት። ጫማውን ያጸዳል።

ግንቦት 13፣ 11 ሰ.

ለፋጡማ መልእክት ላክሁላት፤ አልመጣችም። ልጠይቃት የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር፣ የደብሬን መቃብር አልፎ አልፎ እንድታይልኝ። ይቅር።

ወረቀት የለም። ከአንቺ ሁለት ገጽ እገነጥላለሁ፤ ከኋላ ነው፣ የሷን አልነካም። እንደገና እጽፈዋለሁ፣ ከመጀመሪያው ክፍል ጋር። የሚወስዱት ሰዎች ከተቀበሉኝ እሰጣቸዋለሁ። ካልተቀበሉኝ መኪናው ላይ ወጥቼ እቀመጣለሁ። አሮጊት ጎትቶ ማውረድ በሕዝብ ፊት ያሳፍራል፤ ማፈርን እኔ አውቃለሁ። ደሴ ሲደርሱ የሚጠይቅ ሰው ይኖራል። እሱን ሲጠይቁ እኔንም ይጠይቁኝ።

እሱን አያድነውም። ሁለተኛውንም ክፍል አልሰርዝምና። እኔንም አያነጻኝም። ደብሬን የሚያስነሳ ወረቀት የለም። ፋጡማ ከዛሬ ጀምሮ አታናግረኝም፤ መንደሩም።

ቢሆንም አምስት መስመር ውስጥ አልገባሁም፣ ሲያጨበጭቡም አብሬ አላጨበጨብሁም። ይህን ያህል ይበቃኛል አልልም። ሌላ የለኝም።

ለሰናይት ነገርኋት። ነገ ቁርስ የሚሠራላቸው ሌላ ሰው ይፈልጉ።