ሁለት ቁልፍ ያለው ሊፍት

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንዴት ሰነበትክ? ጤናህስ? ያ የጀርባህ ሕመም ተወህ ወይ? ባለቤትህ፣ ልጆችህ እንዴት ናቸው? ብርዱስ እንደ አምናው ጠንክሮባችሁ ይሆን? እኔ ለክፉ የሚሰጥ ነገር የለብኝም። እማዬ ግን ደህና አይደለችም። "ሁላችን ደህና ነን" እያልኩ መጻፍ ስለሰለቸኝ ነው ዛሬ ቀድሜ የነገርኩህ።

ባለፈው በስልክ "ዓይን ሐኪም ቤት ለመድረስ አንድ ጊዜ ባቡር መቀየር ነው፣ ይሄ ምኑ ያስቸግራል?" ብለህ ተቆጣኸኝ። "የጣቢያውን ፎቶ አይቼዋለሁ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ነው የሚመስለው" ብለህም ዘጋህብኝ። እኔ ደግሞ እዚያው ጣቢያ ድልድይ ላይ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሼ "በዚህ ውረዱ፣ በዚያ ውጡ" ስል ነው የምውለው። እስቲ ያየኸውን ፎቶ ልተርክልህ።

አሮጌውን ጣቢያ ታውቀዋለህ፤ የድንጋይ ግንቡ፣ የቆርቆሮ ጣሪያው፣ ከመንገድ በታች ተቆፍሮ የገባው ሐዲድ እንዳለ ነው። አዲሱ መስመር ሲመጣ መሬት ላይ ቦታ የለም ተባለና በአምድ ሰቀሉት። ሁለቱን የሚያገናኘው ድልድይ በግቢያችን ማለፍ ነበረበት። እማዬ "ከቤቴ ንቅንቅ አልልም" ስትል ያንን በቀለም ያሸበረቀ የጣቢያውን ሥዕል ጠረጴዛ ላይ ዘርግተህ ያግባባሃት አንተ ነህ። "ከአንዱ ባቡር ወርደሽ፣ ሳሎንሽ ውስጥ እንደምትሄጂው ተራምደሽ ሌላው ውስጥ ትገቢያለሽ" አልካት። የበኩር ልጇ ነህ፣ አመነችህ። ቤቱ ፈረሰ፤ እሷ አዲሱ መስመር ወደሚያልቅበት ዳር ሰፈር ሄደች፤ አንተም ብዙ ሳትቆይ ሻንጣህን አንስተህ ባሕር ማዶ ሄድክ።

የሳሎኑ ነገር የት ደረሰ መሰለህ? የአሮጌው መስመር መሥሪያ ቤት የድልድዩን ከፍታ ከሐዲዱ ተነስቶ ለካ፣ የአዲሱ ከአስፋልቱ። አንድ ቀን ቁጭ ብለው አልተነጋገሩም። ድልድዩ ተሠርቶ ሲደርስ ከአሮጌው ጣቢያ በር በላይ አየር ላይ ቀረ። ይህን የነገረኝ የአዲሱ መስመር መሐንዲስ ነው፣ ያውም እየሳቀ። መላው ጠፍቷቸው ጫፉ ላይ ቀጥ ያለ ደረጃ ለጠፉበት። ደረጃው ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ግራጫ ነው፤ ጠርዙ የት እንደሆነ ጤነኛ ዓይን ያለኝ እኔም በቅጡ አልለየውም። ወለሉ ሲያንሸራትት ምንጣፍ አነጠፉ፤ አሁን ምንጣፉ ሰው ይጠልፋል። የመስታወት ጣሪያው በፀሐይ ይቀቅለናል፣ በዝናብ ያንጠባጥብብናል። ፎቶ ላይ ግን ያምራል፣ እሱን አልክድም።

ለአቅመ ደካሞች ሊፍት አለ። የማን ይሁን ብለው ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ሲጨቃጨቁ ከርመው፣ ማንም ቅር እንዳይለው ሁለት ቁልፍ አበጁለት። አንዱ ቁልፍ የአሮጌው መስመር ዘበኛ ኪስ ውስጥ ነው፣ ሌላው የአዲሱ መስመር ዘበኛ ጋ። ሁለቱ አብረው ካልቆሙ አይከፈትም። ታዲያ አንዱ ከምሳ ሲመለስ ሌላው ይወጣል፤ አንዱ ሲገኝ ሌላው ስብሰባ ነው። ለአለቃዬ ብነግረው "አንቺ መንገድ አሳዪ፣ ሊፍቱን ተይው" አለኝ። ሐኪም ቤት በቀጥታ ይወስድ የነበረውን አውቶቡስ እንደሆነ ባቡር መጣ ብለው አንስተውታል፤ ታክሲውም በእኔ ደመወዝ የሚቻል አይደለም።

የእማዬ አንዱ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል። ሁለተኛው በየወሩ መርፌ ካልተወጋ እሱም ይሄዳል። ከጥቂት ወራት በፊት በነበራት ቀጠሮ የአዲሱ ዘበኛ ቁልፉን ይዞ ቆመልን፣ የአሮጌው የውሃ ሽታ ሆነ። ብንጠብቅ ብንጠብቅ የለም። ሰዓቷ ሊያልፍ ሲል ተሸካሚ ጠራሁ። ጨዋ ሰው ነው፤ "እናቴ፣ አንገቴን ያዙኝ" ብሎ አዘላት። ደረጃው መሃል ሲደርስ ሰው "መንገድ ዘጋችሁ" እያለ ያጉረመርም ጀመር፤ ሻርፗም ወድቆ ተረገጠ። "አውርደኝ፤ እኔ ጆንያ ነኝ እንዴ?" አለችው። እዚያው በሰው እግር መሃል ቁጭ አለች። አንተ ስታግባባት እንዳደረግከው እጇን ይዤ ለመንኳት፣ አልሰማችኝም። ይዣት ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ አንድም ቀጠሮ አልሄደችም። ሻይ ስትቀዳ ከብርጭቆው ውጪ ታፈሳለች፤ ስጠርግላት "ተይው፣ ይደርቃል" ትለኛለች። ሐኪሟ ደውላ ጊዜው እያለቀ ነው አለችኝ። ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ፣ ጎረቤት አስለመንኩ፤ ወይ ፍንክች። አንጀቴ አርሯል፣ ጋሼ። እሷን እያየሁ ካንተ ጋር በስልክ ስለ ጣቢያ ውበት ማውራት ከእንግዲህ አልችልም። ቤቷን ያስለቀቃት የአንተ አፍ ነው፣ አሁንም የምትሰማው ያንተን ብቻ ነው። ሥራ በዛብኝ አትበለኝ። ና። ክንዷን ይዘህ ያንን ደረጃ አንተው አውርዳት።

ባለቤትህን እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ። ትልቋን ልጅህን፣ እንዲሁም መንታዎቹን ጉንጫቸውን ሳምልኝ፤ የመልካም ምኞት ካርዳቸው ደርሶኛል፣ ለእማዬም አንብቤላታለሁ። አማትህን እግዜር ይማርዎት በልልኝ። ተሸካሚው ሳይቀር ሰላም በይው ብሎኛል፣ ሳያውቅህ። እማዬን ደግሞ "ለልጅሽ ምን ልበልልሽ?" ብዬ ጠየቅኋት። "ይምጣና ልየው፣ ዓይኔ ሳይጠፋ" አለችኝ።

ታናሽ እህትህ
ከእማዬ ቤት፣ ዳር ሰፈር
ዓርብ፣ ግንቦት 9