የስልክ ደቦ

መጋቢት 3

ወገቤ አለቀ ዛሬ። ሆቴሉ አንዱ ክፍል ውስጥ ሙሽሮች አድረውበት የጽጌረዳ ቅጠል አልጋው ላይ፣ ምንጣፉ ላይ፣ ገንዳው ውስጥ ሳይቀር በትነው ሄደዋል። ቲፕ የለም። ፍቅር ጠራጊ አያስብም መቼም።

ቤት ስደርስ ደግሞ ጎረቤቴ አሳምነው ያን ጋን የሚያህል መኪናውን እኔ ቦታ ላይ አቁሞታል። ደረጃዬ ሥር። «እትዬ፣ ለአምስት ደቂቃ ነው፣ አሁን አነሳዋለሁ።» የእሱ አምስት ደቂቃ እስኪመሽ ነው። ካዚኖ ውስጥ ካርታ ሲያድል የሚውል ሰው ሰዓት ምን ያውቃል?

መጋቢት 9

ተዘጋ። ስትሪፑ በሙሉ፣ ሆቴሉም ካዚኖውም። በሽታው እስኪያልፍ አሉን።

ከሆቴሉ ሎከሬ ዕቃዬን ላወጣ ሄጄ ያየሁት... ዋናውን በር በሰንሰለት ሲጠፍሩት ደረስኩ። ለካ ቁልፍ የለውም! ከተሠራ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ተዘግቶ ስለማያውቅ ቁልፍ አልተበጀለትም። ስንት ዓመት ወጥቼ የገባሁበት በር። ቆሜ ቀረሁ።

በእግሬ ተመለስኩ። የትራፊክ መብራቱ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ይላል... ለማንም። ወፍ ሰማሁ። እዚህ ወፍ አለ እንዴ? እስከ ዛሬ የት ነበረ?

ሚያዝያ 6

ልጄ ሐሌሉያ የሥራ አጥ ድጎማውን ማመልከቻ በላፕቶፕዋ ሞላችልኝ። አልፈልግም ብዬ ነበር። «ሠርተሽ ያመጣሽው ነው እማ፣ ልመና አይደለም» አለች። እዚህ የተወለደ ልጅ ይሉኝታ አያውቅም፣ አንዳንዴ ጥሩ ነው።

«በርዝ ኢየርሽ፣ የተወለድሽበት ዓመት ስንት ነው?»

«ስልሳ» አልኳት ወጥ እያማሰልኩ። በቃ፣ አለቀ። «ኢዚ ነው፣ አየሽ?» አለች።

ሰኔ 2

ማመልከቻዬ «በመጣራት ላይ» ይላል። ዛሬም።

ሐምሌ 20

ደብዳቤ መጣ። የልደት ዘመኔ አልገጠመም።

ስልሳ ያልኩት በእኛ አቆጣጠር ነዋ! በፈረንጅ ስልሳ ስምንት ነው። ይኼን ሁሉ ዓመት እዚህ ኖሬ፣ ወጥ ሳማስል በእኛ ተናገርኩ። እሷም የሰማችውን ጻፈች። ራሴን በራሴ ስምንት ዓመት አስረጀሁት። አሁን ኢንተርኔቱ ላይ አይታረምም፣ በስልክ ሰው ማናገር ግድ ነው። ሰው! የት ይገኛል ሰው? «መስመሮቻችን ሁሉ ተይዘዋል» ይላል ማሽኑ፣ ጆሮዬ ላይ ይዘጋል።

ሐሌሉያ አለቀሰች። «እኔ ነኝ የጻፍኩት።» «እኔ ነኝ ያልኩሽ» አልኳት። 

ጥቅምት 12

ሆቴሉ በግማሽ ተከፍቷል። እኔን አልጠሩኝም። ያጠራቀምኳት ለሐሌሉያ ለዚህ ሰሚስተር ሄደች። የሚቀጥለው ሰሚስተር ጥር ከመግባቱ በፊት ካልተከፈለ ነርሲንጉን አቁማ ዋርሃውስ፣ ዕቃ መጋዘን፣ ልትገባ ነው። ቅጥር ጠይቃለች፣ ሳትነግረኝ።

«ጀስት ለአንድ ሰሚስተር ነው እማ።»

አውቃለሁ። የአሳምነው አምስት ደቂቃ ነው። በእኔ አፍ ምክንያት ልጄ ትምህርቷን ልትተው... ቀኑን ሙሉ ደወልኩ። ምንም።

ጥቅምት 20

ጋሽ ገብረጻድቅ ደጅ ጠሩን። ምድር ቤት ያሉት ሽማግሌ፣ ታክሲ የሚነዱት። የእሳቸውም ገንዘብ እንደ እኔው ተይዟል። የግቢው ግማሽ ሰው እንዲያው ነው ለካ። አንዱ ለሌላው ሳይነግር፣ በየቤቱ በር ዘግቶ ሲደውል ከርሟል።

«ለየብቻ ስለደወልን ነው ያሸነፈን» አሉ። «አዝመራ የደረሰበት ሰው ብቻውን ያጭዳል? ደቦ እንውጣ።»

ሳቄ አመለጠኝ። የስልክ ደቦ! እሳቸው አልሳቁም። ጠዋት መስመሩ ሲከፈት ሁሉም ፓርኪንጉ ላይ በየመኪናው ሆኖ ይደውላል፣ ለአንድ ሰው፣ ለዚያን ቀን ባለተራ። መስመር የገባለት ስልኩን ለባለተራው ይሰጣል። ለራሱ አንዲት ቃል አይናገርም። ሕጉ ይኼው ነው። መስመር ካልገባ ተራው ባለተራው ዘንድ ያድራል።

ጥቅምት 23

ወረድኩ፣ ለይሉኝታ ብዬ። ግን ምን አየሁ?

ሁሉም መኪናው ውስጥ፣ ማስክ አድርጎ፣ መስኮት ከፍቶ። የማሽኑ ሙዚቃ ከየመስኮቱ ይወጣል። አንዱ ሲጀምር ሌላው መሃል ላይ ነው፣ ሌላው ይዘጋበትና እንደገና ይደውላል። ማንም ለራሱ አይደለም። ሁሉም ለአንዲት ስጦታ ለምትባል ልጅ፣ ስሟን ዛሬ ለሰማሁት።  እነዚህን ሰዎች ስንት ዓመት ደረጃ ላይ «ደህና ዋላችሁ» ብዬ አልፌያቸዋለሁ።

አሳምነውም እኔ ቦታ ላይ ቆሞ ይደውላል። እሱንስ አላለፍኩትም፣ ተጣልቼዋለሁ።

ኅዳር 8

የጋሽ ገብረጻድቅ ተራ። በእኔ ስልክ ገባ!

ሰው ነች። እውነተኛ ሰው። ከኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል፣ እሽ እሽ ትለዋለች። መንግሥት የምለው ነገር ልጅ የምታባብል ሴት ሆና ተገኘች።  «ሄሎ? ሄሎ?» ትለኛለች።

አልዋሽም፣ «የእኔንም አንዴ ይዩልኝ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ጋሽ ገብረጻድቅ በነጠላ ጫማ እየሮጡ ሲመጡ አየኋቸው። በዚያ ዕድሜ ይሮጣሉ... ስልኩን ሰጠኋቸው።

ኅዳር 21

የነገው ተራ የአሳምነው ነበር፣ ከእሱ ቀጥሎ እኔ። ዛሬ «የእኔ ሰሞኑን ገብቶልኛል፣ ተራዬን ለእትዬ ስጡልኝ» አለ። ቁማር ቤት የሚውል ሰው ዕድል አያጣም። እንኳን ደስ ያለህ አልኩት፣ ከጥርሴ። ገብቶለትም ግን ጠዋት ጠዋት ይወርዳል። ይኼን እንኳ ልመስክርለት።

ታኅሣሥ 13

ገባ። ገባ!

መድኃኒቴን ልውጥ ሽቅብ ወጥቻለሁ። «እትዬ! እትዬ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። አሳምነው ነው። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት እንጃ። ሴትዮዋ እንዳትዘጋበት ስለ ልጅ ጥርስ ማብቀል ሲያወራት ደረስኩ። ልጅ እኮ የለውም! ስልኩን በሸሚዙ ጠርጎ ሰጠኝ።

ያቺው ሴት ነች፣ በሕፃኑ ለቅሶ አወቅኋት። ዘመኔን ነገርኳት፣ አረመችው። «አሁን ዕድሜዎ በስምንት ዓመት ቀነሰ» አለችኝ፣ ሳቀች። እኔ አለቀስኩ። ግቢው በሙሉ ጥሩንባ ነፋ።

ታኅሣሥ 22

ገንዘቡ ገባ። የወራቱ በሙሉ፣ በአንድ ጊዜ። ሐሌሉያ እዚያው ትምህርት ቤቷን ከፈለች። ዋርሃውሱን «አልመጣም» አለቻቸው። ምንም ሳንናገር ተቃቅፈን ተቀመጥን።

ጥር 6

ጋሽ ገብረጻድቅን ወገባቸውን ስላመማቸው የእርዳታ ምግብ ላመጣላቸው ሄድኩ። መኪናው ተሰልፎ አያልቅም። ከፊቴ የአሳምነው መኪና። ሲያየኝ ጎንበስ አለ። ጋን የሚያህል መኪና ይደበቃል?

ገንዘብ የገባለት ሰው እዚህ ምን ይሠራል?

ምግቡን ሳደርስላቸው ጠየቅኳቸው።  «አልገባለትም» አሉኝ። «ልጅቷ ከትምህርት እንዳትወጣ ብሎ ነው ተራውን የለቀቀልሽ። እንዳይነግሯት ብሎ አስምሎኛል።»

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።  በየቀኑ ወርዶ ደውሏል፣ ለሁሉም። ያችን ሴት ይዞ ቆይቷል፣ የራሱን ሳያነሳ። እኔ ደግሞ ከጥርሴ... እንዴት ያለ ሰው ነው? ይኼን ሁሉ ዓመት ማን ጎረቤት እንዳለኝ አላወቅሁም።

ጥር 19

መኪናዬን መንገድ ዳር ማቆም ከጀመርኩ ሰነበትኩ። ደረጃዬ ሥር እሱ ይቁም። ምክንያቱን አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። ተራው ግን የእሱ እንዲሆን ጋሽ ገብረጻድቅ ወስነዋል። ሐሌሉያም ክፍል ከመግባቷ በፊት ወርዳ ትደውላለች።

ዛሬ ብርድ ነበር፣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ደወልኩ። ሙዚቃው ቆመ። «ሄሎ?» ሰው። ከኋላዋ ሕፃን ይስቃል።

«አንዴ ይጠብቁኝ፣ እባክዎ» አልኳት። ሁለት እርምጃ ነው፣ እዚያው ደረጃዬ ሥር። አሳምነው ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ እንቅልፍ ወስዶታል። መስኮቱን መታሁት።

ብንን አለ፣ አየኝ፣ እጁን ወደ መኪናው ቁልፍ ሰደደ። «ይቅርታ እትዬ፣ አሁን አነሳዋለሁ።»

«አታንሳው» አልኩት። ስልኩን በሸሚዜ ጠርጌ ሰጠሁት።